በ1.80 በ3.00 ሜትር ኩሽና ምጣዱ የት ይቁም? የአንድ ረጅም የኢንተርኔት ውይይት (ክር) ሂደት

የመክፈቻው ጥያቄ

ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ኩሽናዋን ልታሠራ ነው። ልኩን በደንብ ጽፋዋለች። ወርዱ 1.80፣ ርዝመቱ 3.00፣ ከፍታው 2.70 ሜትር ነው። በሩ በአንዱ አጭር ግድግዳ ላይ ወደ ቀኝ ተጠግቷል፤ ስፋቱ 80 ሳ.ሜ ሲሆን ወደ ውስጥ ይከፈታል። መስኮቱ ከበሩ ትይዩ ነው፤ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ደፉም ከወለል 1 ሜትር ከፍ ይላል። የፍሳሽ መውረጃው በግራ በኩል መስኮቱ ያለበት ጥግ ላይ ይወርዳል። አናጺው ሦስቱን ግድግዳ የሚዞር የዩ ቅርጽ ካቢኔት ስሎላታል። ስዕሉ ላይ ስቶቭ፣ ሲንክና ፍሪጅ አሉ፤ ምጣድ ግን የለም። የጠየቀችው ዩ ይሻላል ወይስ ሁለት ግድግዳ ብቻ የሚይዘው ኤል፣ ምጣዱስ የት ይግባ የሚል ነው።

መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው አስቀምጫለሁ። የኔን አስተያየት ያስገባሁባቸው ቦታዎችም አሉ። ይህ ልክ በብዙ ቤት ስላለ ክሩ ለሌላውም ይጠቅማል።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ በትሕትና ጀምሮ ቀጥታ ወደ ሒሳቡ ገባ። የታች ካቢኔት ጥልቀት 60 ሳ.ሜ ነው። በሁለቱም ጎን ከተሠራ 120 ይወስዳል፤ ከ180 ላይ የሚተርፈው መተላለፊያ 60 ሳ.ሜ ብቻ ይሆናል። አንድ ሰው ሳይጨናነቅ እንዲሠራ 105 ሳ.ሜ ያስፈልጋል፣ ቦታ ከጠበበ ደግሞ ከ90 ማነስ የለበትም። ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ የሚሠራ ከሆነ 120 ይፈለጋል። ስለዚህ ዩ ቢያንስ 2.10 ሜትር፣ ለሁለት ሰው ደግሞ 2.40 ሜትር የውስጥ ወርድ ይጠይቃል። በ60 ሳ.ሜ መተላለፊያ የታች ካቢኔት በር ሲከፈት ቆሞ ጎንበስ ማለት እንኳ አይቻልም።

ሁለተኛዋ ይህን ተቀብላ ኤሉንም ተቃወመች። የኤሉ አጭር ክንድ በመስኮቱ ግድግዳ ላይ ካረፈ ጥጉ እጅ የማይደርስበት ጨለማ ይሆናል፤ ድስትና ጀሪካን ገብተው አይወጡም። እሷ ያቀረበችው ግራውን ግድግዳ ሙሉ በ60 ሳ.ሜ ባንኮኒ መያዝ፣ ቀኙን ደግሞ በ30 ሳ.ሜ መደርደሪያ ብቻ ነው። 180 ሲቀነስ 60፣ ሲቀነስ 30፣ የሚተርፈው 90 ነው። ለሰሃን፣ ለብርጭቆ፣ ለበርበሬና ለሽሮ ዕቃ 30 ሳ.ሜ ይበቃል። ከዚያ ጠልቆ ከገባማ የኋላው ዕቃ ይረሳል።

መልስ 3

ይህኛው ሥነ ሕንፃ የተማረ ይመስላል። በ1926 ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬት ሹተ ሊሆትስኪ ለፍራንክፈርት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የነደፈችውን ኩሽና አነሳ። የዚያ ልክ በግምት 1.90 በ3.40 ሜትር ነበር፤ ከጠያቂዋ ክፍል ብዙም አይርቅም። በዚያ ጠባብ ቦታ ሥራው የቀለለው እያንዳንዱ ዕቃ በሥራው ቅደም ተከተል ስለተቀመጠ እንጂ ክፍሉ ስለሰፋ እንዳልሆነ አስረዳ። ቀጥሎ በ1940ዎቹ በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተቀመረውን የሥራ ሦስት ማዕዘን አመጣ። ፍሪጅ፣ ሲንክና ስቶቭ በመስመር ሲያያዙ እያንዳንዱ መስመር ከ1.20 እስከ 2.70 ሜትር፣ ድምሩ ከ4 እስከ 8 ሜትር ገደማ ይሁን የሚል ነው።

መልስ 4

እዚህ ላይ ድምፁ ጠነከረ። አራተኛዋ ሦስት ማዕዘኑን ለእኛ ቤት አታምጡብን አለች። ምክንያቷ ግልጽ ነው፤ ያ ቀመር ምጣድን፣ የሊጥ ባልዲንና የውኃ ጀሪካንን አያውቅም። አናጺው የሳለው ስዕልም የተበላሸው በዚሁ ነው፤ ትልቁን ዕቃ ትቶ ትንንሾቹን ደረደረ። ምጣዱ ራሱ ወደ 58 ወይም 60 ሳ.ሜ ስፋት አለው። ቀፎው ሲጨመር ወደ 70 ይጠጋል፤ በ60 ሳ.ሜ ባንኮኒ ላይ ከተቀመጠ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣና ሆድ ያቃጥላል። ስለዚህ 75 በ75 የሆነ የራሱ መደብ ይፈልጋል።

ከፍታውንም አብራራች፤ ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ቁመቷ 158 ሳ.ሜ የሆነች ሴት ክርኗ ከወለል 1 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለመክተፍና ለማጠብ ባንኮኒው ከክርን ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ ዝቅ ይበል፤ ይህም 85 እስከ 90 ማለት ነው። ምጣድ ግን ሌላ ነው። ሊጡ ከዳር ጀምሮ እየተዞረ ወደ መሃል ሲፈስ እጅ እስከ ወዲያኛው ጠርዝ መድረስ አለበት፤ ሰፌዱም ከእንጀራው ሥር አግድም መግባት አለበት። ምጣዱ 90 ሳ.ሜ ላይ ከሆነ ትከሻ ተነስቶ ነው የሚጋገረው፤ ክንዱ የእንፋሎቱ መንገድ ላይ ይውላል። የምጣዱ ገጽ ከ75 እስከ 80 ይሁን። የሚለካው ገጹ ነው፣ መደቡ አይደለም። ቀፎው 20 ሳ.ሜ ከፍታ ካለው መደቡ 55 ወይም 60 ላይ ይቆማል።

መልስ 5

የኤሌክትሪክ ባለሙያው መልስ ረጅም ነበር፤ ሁሉም ሰው ሊያነበው የሚገባ ነው። ምጣድ 3,500 ዋት ይወስዳል ብለን ብንነሳ፣ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ነው። ተራው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው ከፍተኛው 16 አምፔር ነው፤ ያም ለአጭር ጊዜ። ጋገራ ደግሞ ለሰዓታት ይቀጥላል። ስለዚህ ሶኬቱ ውስጥ ያለው መንከሻ ይግላል፣ ይላላል፣ በላላ ቁጥር የበለጠ ይግላል፣ መጨረሻ ላይ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሰዎች ሶኬቱን እየቀየሩ ይኖራሉ፤ ችግሩ ግን ከመስመሩ ነው።

መፍትሔው ከብሬከር ሳጥኑ ለምጣዱ ብቻ የሚወጣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና 25 አምፔር ብሬከር ነው። ጫፉ ላይ በሶኬት ፋንታ ከፍ ያለ አምፔር የሚችል ማብሪያና ማጥፊያ ይገጠምና ገመዱ በቀጥታ ይታሰራል። ለሌሎቹ ሶኬቶች 2.5 ካሬና 16 አምፔር ብሬከር ይበቃል። ብሬከር ሲወድቅ በትልቅ መቀየር ሽቦውን ማቃጠል ነው፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና። የምድር ሽቦ የግድ ይገባል። ብዙ ምጣድ ሁለት ሽቦ ብቻ ይዞ ይሸጣል፤ ቀፎው ብረት ስለሆነ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ከቀፎው ጋር ይታሰር። በላዩ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ሲፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ቢጨመር እርጥብ እጅ ላለበት ክፍል ተገቢ ነው። ምጣድ፣ ባለ 2,000 ዋት ስቶቭና ባለ 2,000 ዋት ውኃ ማፍያ አንድ ላይ ሲበሩ 7,500 ዋት፣ ማለትም 34 አምፔር ይሆናል። ጠያቂዋ ዋናው ብሬከሯ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይታ ከዚህ ጋር ታስተያየው።

መልስ 6 እና 7

አንዱ በበዓል ዋዜማ ምጣዱ ለምን እንደሚሰንፍ ጠየቀ። ባለሙያው ተመልሶ መለሰ። ሙቀቱ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። 220 ወደ 180 ሲወርድ ኃይሉ ወደ 67 በመቶ ይወርዳል፤ አንድ ሦስተኛው ሙቀት ጠፋ ማለት ነው። ሊጡ ጥሩ ሆኖ ሳለ ዓይን የማያወጣው ያኔ ነው። ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ቢልም አንድ ቁም ነገር ጨመረ፤ ረጅምና ቀጭን ሽቦም ራሱ ቮልቴጅ ይበላል፣ ስለዚህ ምጣዱን በረንዳ ላይ በማራዘሚያ ገመድ ማስኬድ ሙቀትም ይቀንሳል፣ ገመዱንም ያግላል።

መልስ 8

ይህች መልስ ሰጪ የሁሉንም ሐሳብ ሰብስባ ወደ ልክ ቀየረችው። ከበሩ ጀምሮ በግራ ግድግዳ ላይ እንዲህ ይደረደራል። መጀመሪያ 30 ሳ.ሜ ማሳረፊያ፣ ከዚያ 60 ሳ.ሜ ስቶቭ፣ 85 ሳ.ሜ መክተፊያ፣ 50 ሳ.ሜ ሲንክ፣ በመጨረሻ 75 ሳ.ሜ ባዶ ባንኮኒ እስከ መስኮቱ ጥግ። ድምሩ 300 ነው። ምጣዱ በመስኮቱ ግድግዳ ላይ ወደ ቀኝ ጥግ ተጠግቶ ይቆማል። 180 ሲቀነስ የባንኮኒው 60፣ ሲቀነስ የምጣዱ 75፣ በሁለቱ መካከል 45 ሳ.ሜ ወለል ይተርፋል። ያ ክፍተት ለሊጥ ባልዲው ነው፤ ጋጋሪዋ ሳትዞር በግራ እጇ ትቀዳለች። የጥጉ 75 በ60 ባንኮኒ ደግሞ ከሰፌዱ የወረደው እንጀራ የሚበርድበት ነው። ትኩሱ ወዲያው ከተደራረበ ያልበውና ይጣበቃል፤ አንድ እንጀራ ሙሉ የሚዘረጋበት ቦታ የሌለው ኩሽና ለጋገራ አልተሠራም።

ሲንኩ ከመውረጃው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስለሚሆን ቱቦው በሜትር 2 ሳ.ሜ ሲዘቀዝቅ 2 ሳ.ሜ ብቻ ይወርዳል፤ ወለል መስበር አያስፈልግም። ሲንኩን በሩ አጠገብ ማድረግ የፈለገ ግን ወደ 2.70 ሜትር ቱቦ ይጎትታል። ከ5 ሳ.ሜ በላይ መውረድ ይኖርበታል፤ የካቢኔቱን ጀርባ ይበላል፣ ቅባቱም መንገድ ላይ ይረጋል። ከሲንኩ መካከል እስከ ስቶቩ መካከል 1.40 ሜትር ነው። 85 ሳ.ሜ መክተፊያ በሁለቱ መካከል መውደቁን ወድጄዋለሁ፤ ሽንኩርት ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ ወደ ድስቱ የሚገባው በአንድ አቅጣጫ ነው።

ከመልስ 9 እስከ 11

ጠቡ የተነሳው ፍሪጁ ላይ ነው። ዘጠነኛው ስምንተኛዋን ፍሪጁን ረሳሽው አላት። አሥረኛው ደግሞ ጭራሽ ፍሪጅ የሌለበትን ኩሽና ኩሽና ብሎ የጠራ ሙያውን አያውቅም ብሎ አመረረ። እንዲህ ዓይነት ቃል ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። አሥራ አንደኛዋ በእርጋታ ለካችው። ፍሪጅ ከነመተንፈሻው 70 ሳ.ሜ ይወስዳል። በግራው መስመር ከገባ መክተፊያው ከ85 ወደ 15 ይወርዳል። በቀኝ ከገባ ጥልቀቱ 65 ስለሆነ መተላለፊያው 55 ይቀራል። ስለዚህ ከበሩ ውጭ ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ በሩ ወደ ኩሽናው በሚከፈትበት አቅጣጫ ይቁም፤ የብዙ ፍሪጅ በር ማጠፊያው ከቀኝ ወደ ግራ ሊዛወር ይችላል። ወተትና ቅቤ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው የሚወጣው፣ መክተፊያው ግን በየሰዓቱ ይፈለጋል። አሥረኛው ከዚህ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 12 እና 13

አንዷ ግድግዳውን አፍርሶ ከሳሎን ጋር መቀላቀልን ሐሳብ አቀረበች። ቀጣዩ መልስ ሻካራ ነበር፤ ይዘቱ ግን ትክክል ነው። ክፍል የሚከፍለው ብሎኬት ሕንፃውን ባይሸከምም ውስጡ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመር አለ፤ ሕንፃውን የሚሸከሙት ምሰሶና አግዳሚ (ኮለንና ቢም) ደግሞ በፍጹም አይነኩም። ከማፍረስ በፊት የነዋሪዎች ማኅበርና የወረዳው ፈቃድ ይጠየቃል። ሌላው ቁሌቱ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ በርበሬ ሲታሽ፣ ቅቤ ሲነጠር የሚወጣው የዘይት እንፋሎት መጋረጃና ሶፋ ላይ ያርፋል፣ ታጥቦም ቶሎ አይለቅም። ክፍት ኩሽና ጥሩ የጭስና የእንፋሎት መሳቢያ ላለው ቤት ነው።

መልስ 14

መሳቢያ የሚለው ቃል ሲነሳ ይህኛው ሒሳቡን አመጣ። የክፍሉ ይዘት 1.80 በ3.00 በ2.70፣ ወደ 14.6 ሜትር ኩብ ነው። አየሩ በሰዓት 15 ጊዜ እንዲለወጥ 220 ሜትር ኩብ በሰዓት የሚስብ ቬንትሌተር ይበቃል። በመስኮቱ ላይኛ መስታወት ላይ፣ ወደ ምጣዱ ባለው ጎን ይገጠም። የሚገባ አየር ከሌለ ግን የሚወጣም የለም፤ የበሩ ሥር 2 ሳ.ሜ ይቆረጥ። ከስቶቭ በላይ የሚሰቀለው መሳቢያ ከስቶቩ ከ65 እስከ 75 ሳ.ሜ ይራቅ፣ ቱቦውም ወደ ውጭ ይውጣ። አየሩን አጣርቶ እዚያው የሚመልሰው ዓይነት ሽታ ቢቀንስም እንፋሎትን አያወጣም። ስለ ከሰልም አስጠነቀቀ፤ በዚህ ስፋት ክፍል በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሞት ነው። ቡናው ሳሎን ቢፈላም መስኮት ይከፈት።

መልስ 15 እና 16

ከአሜሪካ የጻፈችው የእነሱ የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ ከአዲስ አበባ የሄደ ባለ 220 ምጣድ እዚያ ላይ ለጋገራ የሚበቃ ያህል እንደማይግል ተናገረች። እዚያ የሚያገለግለው 40 ሳ.ሜ ገደማ የሆነና 1,500 ዋት የሚወስድ ክብ መጋገሪያ ነው። ያም ቢሆን ከውኃ ማፍያ ጋር አንድ መስመር ላይ ከዋለ ብሬከር ይጥላል። ጠቃሚ ነው፤ አሥራ ስድስተኛው ግን ወደ ጠያቂዋ ጉዳይ እንመለስ ብሎ አሳሰበ። እግረ መንገዱንም የሰፈሩ የጋራ መገልገያ ሕንፃ የሚሠራ ከሆነ ጋገራው እዚያ ሊሆን እንደሚችል አስታወሰ፤ ያኔ የምጣዱ ጥግ ለፍሪጅ ይለቀቃል።

መልስ 17 እና 18

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ከባንኮኒ በላይ የሚሰቀልበት ምክንያት የለም። ከሲንኩ ቀጥሎ ያለው የጥጉ ባንኮኒ ሥር ክፍት ይተውና ወለሉ ላይ ሁለት ሦስት ጀሪካን ይቁም፤ በ45 ሳ.ሜው ክፍተት በኩል ይወጣል። የሊጥ ባልዲው ከጋገራ ቀን ውጭ ከጀሪካኖቹ ጎን ይገባል።

ቡታጋዝ ለምትጠቀም ደግሞ፥ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ በተዘጋ ካቢኔት ውስጥ ከገባ ከታች በኩል ወደ ውጭ የሚተነፍስ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ቆሞ ይቀመጥ እንጂ አይተኛ። ጎማው አጭር ይሁን፣ ከስቶቩ ጀርባ ሙቀት በሚያገኘው ቦታ አይለፍ። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ ይፈተሽ፣ በክብሪት በፍጹም አይሞከርም።

ከመልስ 19 እስከ 21

አናጺዎቹ የተናገሩት እዚህ ነው። ቺፑድ ጫፉ በደንብ ካልታሸገ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ መጀመሪያ የሚሄደው ከሲንኩ ሥር ያለው ወለሉ ነው። ለሲንኩ ካቢኔት ፕላይዉድ ይሁን፣ ሌላው በቺፑድ ቢሆን ችግር የለውም። እግሩ ከወለል 10 ሳ.ሜ ከፍ ይበል፣ ወለሉ ሲታጠብ ውኃው እንጨቱን እንዳያገኝ። የላይ ካቢኔት ከባንኮኒው 50 ሳ.ሜ በላይ ይጀምር፣ ከምጣዱ በላይ ግን ምንም አይሰቀል፤ እንፋሎቱ ማጠፊያውን ያዝገዋል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ሸክላ ሰሃን የተሞላ ካቢኔት አይችልም፤ ወይ ግድግዳውን አልፎ በወዲያ ማዶ በብረት ሳህን የሚታሰር ቡሎን፣ ወይ ክብደቱን ለብዙ ቦታ የሚያከፋፍል አግዳሚ እንጨት ያስፈልጋል።

አንዱ የሴራሚክ ቀለም ምን ይሁን ብሎ ጠይቆ ሦስት ሰው ተከራከረበት፤ አልፌዋለሁ። ስለ በረሮ የተጻፈው ግን ይጠቅማል። በባንኮኒውና በግድግዳው መካከል የሚቀረው ስንጥቅ በሲሊኮን ይዘጋ፣ ቱቦው ግድግዳ የሚበሳበት ቀዳዳም እንዲሁ።

መልስ 22 እና 23

ጠያቂዋ አዲስ ስዕል ይዛ ተመለሰች። ዩው ቀርቷል፣ ምጣዱ በቀኝ ጥግ ገብቷል፣ ፍሪጁ ወጥቷል፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ከአናጺው በፊት እንዲገባ ተስማምታለች። የቀኙን መደርደሪያ ከበሩ እስከ ምጣዱ ድረስ ወስዳዋለች።

አራተኛዋ፣ ያችው ኃይለኛዋ፣ በዚህ ጊዜ እህቴ ብላ ጀምራ ሁለት ነገር አረመች። መደርደሪያው ከምጣዱ 60 ሳ.ሜ ቀድሞ ይቁም፣ አለዚያ ሊጥ ስታዞር ቀኝ ክርኗ ይመታል። በሩም ወደ ውጭ እንዲከፈት ይገልበጥ። ያኔ 300 ሲቀነስ 75፣ ሲቀነስ 60፣ 165 ሳ.ሜ መደርደሪያ ይተርፋል፤ በሩ ወደ ውስጥ እንደተከፈተ ከቀረ ግን 85 ብቻ ነው። መስኮቱ በየት በኩል እንደሚከፈትም ጠየቀቻት። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ አክንባሎው ሲነሳ መስታወቱን ስለሚመታ፣ ካቢኔቱ ከመታዘዙ በፊት የመስኮቱ ክንፍ ወደ ውጭ ወይም በተንሸራታች ይቀየር።